በወለተ ሥላሴ ጓሮ የበቀለው

«እሱን እንኳ ተዉት እምዬ፤ እኔ እነቅለዋለሁ» አለች እናኑ፣ እንስራዋን እንዳዘለች ከጓሮው በር ላይ ቆማ። ነገሩ ሁሉ የተጀመረው ከዚች ቃል ነው። ምራት አማቷን «ተዉት» ስትል ተሰምቶ ያውቃል? ያውም በገዛ ጓሮዋ! ያውም ስለ አረም! ወለተ ሥላሴ ካጎነበሰችበት ቀና ብላ አየቻት። እናኑ ዓይኗን ሰበር አደረገች፣ የእንስራውን ገመድ አጠበቀች፣ «ቅጠሉ እጅ ያሳክካል ብዬ ነው» አለችና ወደ ምንጩ ወረደች። የመስከረም ማለዳ ጭጋግ ከእግሯ ጀምሮ እየዋጣት ሄደ፤ መጨረሻ ላይ እንስራው ብቻውን በአየር ላይ ሲሄድ ታየ፣ ከዚያ እሱም ጠፋ። አማቲቱ እዚያው ቀረች፣ በጣቶቿ መካከል አንድ ቅጠል ይዛ። ቅጠሉን አታውቀውም።

ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በቡሬ ከተማ ወለተ ሥላሴ የማታውቀው ቅጠል አለ ቢባል የሚያምን አልነበረም። ሌላው ሰው ሣር ብሎ በአንድ ስም ረግጦት የሚያልፈውን እሷ በየስሙ ታውቀዋለች። ሙጃንና ስናርን ገና ከመሬት ብቅ ሲሉ ትለያቸዋለች፤ መጭን ከኑግ ሳያብቡ ታበጥራቸዋለች፤ አሽክት በየትኛው አጥር ላይ ሊጠመጠም እንዳሰበ ከራሱ ከአሽክት በፊት ታውቃለች እያሉ ጎረቤቶቿ ያሾፉባታል። ስታርምም ዝም ብላ አይደለም፤ ከአረሙ ጋር እያወራች ነው። «ነይ ውጪ አንቺ ሙጃ፣ ዓምናም ለምኜሽ ነበር!» «አንተ ቱልት፣ ሥርህን እስከ ሲኦል ሰደድከው እንዴ?» እያለች በየስማቸው ጠርታ ትነቅላቸዋለች። ይህን ከእናቷ ነው የወረሰችው። ስሙን ሳትጠሪ የነቀልሽው አረም ማን እንዳባረረው ስለማያውቅ ተመልሶ ይመጣል ትላት ነበር እናቷ። እንግዲህ ይኼን ምን ብላ ትጥራው? ሳይጠሩ መንቀልን ደግሞ በዚህ ዕድሜዋ ልትለምደው ነው?

ቦታውም ግራ የሚያጋባ ነው። ከቤቱ ጀርባ፣ የጣራው ክፈፍ ዝቅ ብሎ ግድግዳውን የሚጋርድበት፣ ዓምና የፍየሎች ጉረኖ የነበረበት ጥግ። ፍየሎቹን የጣሊያን ምሽግ ወታደሮች ነድተው ከወሰዷቸው ወዲያ ባዶውን ጉረኖ ማየት ቢያስጠላት አፈረሰችው። በሰኔ ድንጋዩን አስነሥታ፣ ከወንዝ ዳር ቀይ አፈር አሸክማ፣ በእጇ አለስልሳ ጎመን ዘራችበት። አፈሩ አዲስ፣ ንጹሕ፣ አንድ የሣር ሥር የሌለበት ነበር። ጎመኑ ግን አልሆነላትም። ከመሃል ከመሃሉ እየተደፈጠጠ፣ ሰው እንደተኛበት መደብ ተለጥጦ ቀረ። ውሻው ነው ብላ ውሻውን ስንት ጊዜ ረገመችው! አሁን ደግሞ በዚያ በተደፈጠጠው ጎመን ዳር ዳር ይኼ ነገር ወጥቷል። ግንዱ ቀላ ያለ፣ ቅጠሉ ጠጉራም፣ ፍሬው ከምስር የማይበልጥ ሆኖ ዙሪያውን መንጠቆ ያለው። አንዱን ፍሬ በጣቷ ነካ ብታደርገው ከነጠላዋ ጫፍ ላይ ተለጠፈና አልላቀቅ አለ።

ከመጋቢት ወዲህ እንግዲህ ወለተ ሥላሴ ሙሉ ለሙሉ በዚህ ዓለም ላይ አልነበረችም። አንድ ልጇ ሙሉሰው ከአርበኞቹ ጋር ዓባይ በርሃ ከወረደ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ በመጋቢት የዓባይን መልካ ሲሻገር ተመትቶ ውሃ ወሰደው የሚል ወሬ መጣ። ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ፣ ወሬ ብቻ። ጸጉሯን ተላጨች፣ ከል ለበሰች፣ ከአልጋ ወርዳ ቁርበት ላይ ተኛች፣ እንዝርቷን ሰቀለች። ያኔ በለቅሶው ቀን ላቀውም መጥቶ ነበር። ላቀው የጎረቤት ልጅ ነው፤ እናቱ በአራስነቱ ሞታበት፣ ሙሉሰው በቀኝ ጡቷ ሲጠባ እሱን በግራው ይዛ ያሳደገችው፣ ኋላ ጣሊያን ሲገባ ምሽግ ሄዶ ባንዳ የሆነባት። ላባ ያለው ቆቡን አውልቆ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጠና ፊቷን ስትነጭ፣ ደረቷን ስትደቃ አያት። ማታውን ሄዶ ለምሽጉ ካፒታን ነገረ፤ እናቲቱን በዓይኔ አየኋት፣ ልጁ ሞቷል አለው። ከዚያ በፊት ወታደሮቹ በየሳምንቱ እየመጡ ጎተራውን በሳንጃ ይወጉ፣ አልጋውን ይገለብጡ፣ እናኑን በጥፊ ይመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ድርሽ ያለ የለም። ወለተ ሥላሴ ይህን ልብ አላለችም፤ ሐዘን የያዘው ሰው ምን ልብ ይላል?

ቀኑና ሌሊቱ ተደባልቆባት ነው የከረመችው። እየነቃች ታልማለች፣ እያለመች ትነቃለች። በነሐሴ፣ ዝናቡ ክፈፉን ሲደበድበው ከግድግዳው ማዶ የልጇን ሳል ትሰማ ጀመር። ያቺ ደረቅ፣ ቁርጥ ቁርጥ የምትል ሳል! ጭስና ላብ የተቀላቀለበት የጋቢው ሽታ በግድግዳው ስንጥቅ ይገባባታል። ውሻው አይጮኽም፤ ለህልም ውሻ አይጮኽም ብላ ተወችው። ለነፍስ አባቷ ብትነግራቸው «ነፍሱ ናት ልጄ፣ ጸሎት ፈልጋ ነው፣ አቡነ ዘበሰማያት ደግሚላት» አሏት። ደገመችላት። ለእናኑ ግን አልነገረቻትም፤ ልጅቷ ገና ናት፣ በባሏ ነፍስ ልትደነግጥ ትችላለች ብላ አዘነችላት። እናኑም የማትናገረው ነገር ያላት ትመስል ነበር። ሁለቱ ሴቶች አንድ ምድጃ ከበው፣ አንዷ የሌላዋን እንጀራ እየቆረሰች ክረምቱ አለፈ። ወለተ ሥላሴ አንዳንዴ የምራቷን ጉንጭ ታይና ሞላ ያለ ይመስላታል። መበለት ስትሆን እንዴት ወዛች ትላለች በሆዷ፤ ከዚያ ራሷን ትገሥጻለች።

ይህን ሁሉ ያን ማለዳ አላሰበችውም። ያን ማለዳ የገባት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ የማታውቀው ቅጠል መኖሩ። እንዲያውም ከስንት ወር በኋላ አንድ ነገር ማወቅ መፈለጓ ራሱ ደስ ሳይላት አልቀረም። አንዱን ግንድ በጥፍሯ ቀጭታ፣ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ፣ ቅርጫቷ ውስጥ አደረገችና ቅዳሜ ገበያ ሄደች። እናኑ ከምንጭ እስክትመለስ እንኳ አልጠበቀችም።

ገበያው በጭጋጉ ውስጥ እንደ ህልም ገበያ ነበር። ድምፅ ይሰማል፣ ሰው አይታይም፤ ድንገት አንድ የፍየል ቀንድ ከአጠገብሽ ይወጣል፣ ድንገት አንዲት ሴት የበርበሬ ቁና ታቅፋ ከምንም ውስጥ ትፈጠራለች። ጨው ሰማይ ወጥቷል ይላሉ አንዱ ጋ፤ ሌላው ጋ ነጋዴው የጣሊያን ወረቀት አልቀበልም ብሎ ከባንዳ ጋር ይጨቃጨቃል። ሰዉ ጥቁሩን ከሏንና የተላጨ ራሷን እያየ መንገድ ይለቅላታል፤ «እግዜር ያጥናዎት እሜቴ» ይላታል። እሷም አንገቷን ትሰብርና ታልፋለች። ከግራር ሥር ማር ይዛ የምትቀመጠው አልጣሽ ጋ ሄደች። አልጣሽ የአገው ልጅ ናት፤ ሁለቱን ቋንቋ እንደ ሁለት እጇ የምታዘው፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ቅጠል የምትለዋወጣት ወዳጇ። ኮባውን ፈትታ አሳየቻት።

አልጣሽ ቅጠሉን አሸች፣ አሸተተች፣ በጥርሷ ጫፍ ነክሳ ቱፍ አለች። «በአገውኛም ስም የለውም» አለች፤ «በእናንተም የለውም። ይኼ የደጋ ነገር አይደለም ወለቴ። ያን ቆለኛ ጠይቂው እስቲ።» ቆለኛው ረዳ የሚባል ጥጥና በርበሬ የሚያመጣ ሰው ነው፤ ከዓባይ ዳር ነው የሚመጣው፣ ፊቱ ከፀሐዩ ብዛት የከሰለ፣ አፉ የማያርፍ። ሁለቱ ሴቶች ሲቀርቡት አጠገቡ ሁለት የምሽግ ባንዶች ቆመው በርበሬ እየዛቁ ያሸታሉ። ረዳ ቅጠሉን ገና ከሩቅ ሲያየው ሳቀ።

«እንዴ! አብረን እንሂድ!» አለ።

«የት?» አለች ወለተ ሥላሴ።

«ስሙ ነው እሜቴ፣ ስሙ! እኛ አገር አብረን እንሂድ ነው የምንለው። ይኼውና፣ አላልኩም? ነጠላዎ ላይ ተሳፍሮ መጥቷል!» ከነጠላዋ ጫፍ ላይ ፍሬውን ነቅሎ በአውራ ጣቱ ላይ አሳያት። «ይኼ'ኮ ከበርሃ በቀር የትም አይበቅልም። መንገደኛ ሣሩ ላይ ይተኛል፣ ፍሬው ጋቢው ላይ ይለጠፋል፤ ሌላ አገር ሄዶ ሲያድር ጋቢውን ያራግፋል፣ እዚያው ይረግፍና በዝናብ ጊዜ ይበቅላል። እኛማ ሽፍታ የት እንዳደረ በሱ ነው የምናውቅ! ምነው እሜቴ፣ ምን ዓይነት ቆለኛ አድሮብዎ ነው?»

ዙሪያው ሳቀ። ወለተ ሥላሴም ከሰው ጋር ልትስቅ አፏን ከፈተችና አፏ እንደተከፈተ ቀረ። የተደፈጠጠው ጎመን መጣባት። የማይጮኸው ውሻ መጣባት። ሳሉ፣ የጋቢው ሽታ፣ የእናኑ ጉንጭ፣ ዛሬ ጧት «ተዉት እምዬ» ያለችው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ግር ብለው መጡባት። ገበያው ዞረባት። በህልሟ ስታየው የከረመችው ልጅ በውኑ ከግድግዳዋ ማዶ፣ ከራሷ ራስጌ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ሲያድር ከርሟል! በገዛ እጇ ባለሰለሰችው አፈር ላይ! ጮኻ ልትስቅ፣ ረዳን አንገቱን አቅፋ ልትስመው ምንም አልቀራት። ግን ቀና ስትል ከሁለቱ ባንዶች አንዱ በርበሬውን ትቶ ቅጠሉን እያየ ነው። ቀጥሎ የተላጨ ራሷን አየ።

ረዳም እሷ ያየችውን አየ። ወሬኛ ነው እንጂ ሞኝ አልነበረም። «ወይስ» አለ ቀስ ብሎ፣ ዓይኑን ከዓይኗ ሳይነቅል፣ «ከጥጤ ጋር መጥቶ ይሆን? ጥጥ ላይም ይለጠፋል'ኮ።»

«ካንተው ጥጥ ነው እንጂ!» ብላ ጮኸችበት ወለተ ሥላሴ። ድምፁ ከየት እንደመጣላት እንጃ። «ቆሻሻ ጥጥ ነው የምትሸጥ! ስፈለቅቀው የውልህ፣ እፍኝ ሙሉ ጥራጊ ነው የሚወጣው! ጓሮዬን አረም በአረም አደረግኸው፣ አንተ ሌባ!» ወለተ ሥላሴ በሐዘኗ እንዝርቷን እንደሰቀለች፣ ከመጋቢት ወዲህም የጥጥ ፍሬ ፈልቅቃ እንደማታውቅ ባንዳው ከየት ያውቃል? አልጣሽ ግን ታውቃለች። አልጣሽ ወዳጇን አንድ ጊዜ አየቻት፣ ከዚያ መቀነቷን ጠበቅ አደረገችና «የኔንም ጓሮ አበላሽቶታል! ዳኛ ነው የምንጠራብህ!» ብላ ከእሷ በላይ ጮኸች። ረዳ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ማለ፣ ተገዘተ፣ ሰዉ ከበበ፣ ሳቅና ጫጫታ ሆነ። ባንዶቹ የሴቶች ጭቅጭቅ ሰልችቷቸው ሄዱ። አንደኛው ግን ዞር ብሎ አይቶ ነው የሄደው።

ወደ ቤቷ እንዴት እንደተመለሰች አታውቀውም። እግሯ መሬት የነካ አልመሰላትም። ጭጋጉ ተገልጦ ሜዳው ሁሉ መጭ አብቦበት ቢጫ ሆኗል፤ ለወትሮው አረም ብላ የምትነቅፈው መጭ ዛሬ ለሠርግ የተነጠፈ መሰላት። አለ! አለ! ይበላል፣ ይስላል፣ ጋቢውን ያራግፋል! ጓሮ ስትደርስ ቅርጫቷን ጥላ ተንበረከከች። «ና ውጣ አብረን እንሂድ» አለችው፣ «ና የኔ ጌታ፣ ባለውለታዬ፣ ና ውጣ» እያለች ግንድ በግንድ፣ ሥሩን ሳታስቀር ነቀለችው። አፈሩን ገለበጠችው፣ ረገጠችው፣ ከላዩ አመድ በተነችበት። የነቀለችውን ይዛ ገብታ ምድጃው ውስጥ ጨመረችው። እናኑ ከምድጃው አጠገብ ሽሮ እያማሰለች ነበር፤ አየችና እጇ ቆመ።

«ሌላ ጊዜ ሲመጣ» አለች ወለተ ሥላሴ፣ እሳቱን እያየች፣ «ጋቢውን ጓሮ ውስጥ እንዳያራግፍ ንገሪው። እሳት ላይ ያራግፈው።»

ማማሰያው ከእናኑ እጅ ወደቀ። ሽሮው ፎክ ፎክ ይላል። ከዚያ ልጅቷ ከአማቷ እግር ላይ ወድቃ ጉልበቷን አቀፈች። ወለተ ሥላሴ ልትስማት ነበር የፈለገችው፤ ደስታዋን ለማን ታካፍለው? እጇ ግን ልጅቷን ትከሻዋን ጨብጦ ይነቀንቃት ጀመር። «አንቺ! ቁርበት ላይ ስንፈራፈር ስታይ! የልጄን እዝን ጎረቤት አምጥቶ ሲያጎርሰኝ ስታይ! በቁሙ ሳለቅስበት፣ በአፌ ሞት ስጠራበት ዝም አልሽኝ? ልብሽ ምን ቢሆን ነው?»

«እሱ ነው ያለኝ» አለች እናኑ፣ ከጉልበቷ ሳትነሣ። «እናቴ ካላለቀሰች ማንም አያምንም አለኝ። ሳታውቅ ብታለቅስ እግዜር አይቆጥርብኝም፤ ካወቀች ግን ለቁም ሰው አታለቅስም፣ እንኳን እንባ ስሜንም አትጠራም አለ። ያውቅዎታል። እኔ ስንቴ ልነግርዎ ከአፌ መልሻለሁ እምዬ፣ ስንቴ!»

«እሱ ራሱ?»

«ራሱ።»

ወለተ ሥላሴ ተቀመጠች። ደስታዋ አልጠፋም፣ ነገር ግን መካከሉ ላይ አንድ ነገር ወጋት። ልጇ ከግድግዳው ማዶ ተኝቶ ለቅሶዋን ሲሰማ አድሯል። «እናቴ» ብሎ አንዴ አልጠራትም። ሐዘኗን እንደ ጋሻ መክቶበታል። ተናደደችበት፣ ደግሞም ብልሃቱ ገረማት፣ ደግሞም አሳዘናት፣ የቱን እንደምታስቀድም ግራ ገባት። የገባት አንድ ነገር ነው፤ ከእንግዲህ ወዲያ ለሙሉሰው አታለቅስም። አውቃ ካለቀሰች በልጇ ላይ ሞት የፈረደችበት እሷ ናት።

ይህን ገና አስባ ሳትጨርስ ከደጅ «እናቴ፣ እንደምን ዋሉ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ላቀው ነው። ጠመንጃውን እንዳንገተ፣ ላባውን ቆብ እንደደፋ ቆሟል። ሠላሳ ያልሞላው ሰውዬ ሽማግሌ መስሏል፤ ከንፈሩ ደርቋል፣ አፉ ኮኛክ ኮኛክ ይሸታል። ወጣችለት። ጓሮውን ዞሮ አየና ተመለሰ። «ገበያ ላይ የቆላ ቅጠል ይዘው ሲጠይቁ ነበር አሉ» አላት። «ካፒታኑ እይ ብሎ ልኮኝ ነው እንጂ እኔስ…»

«ከረዳ ጥጥ የረገፈ ነው፤ ነቅዬ አቃጠልኩት።»

«እንዲያ ነው ያሉኝ» አለ። ሄደ ስትለው አልሄደም። ፊቷን ያያል። ጡቷን እየጠባ ሲያየው ያደገው ፊት ነው፤ ሲስቅም ሲከፋም ያውቀዋል። «እናቴ» አለ በመጨረሻ፣ እያዘነ ነው የሚመስለው፣ «ዛሬ ፊትዎ ፈክቷል።»

በዚያች ቅጽበት ከታች ከመንገዱ «ወይኔ! ወይኔ ሙሉሰው! ወይኔ ወንድሜ!» የሚል ጩኸት ተነሣ። የግሽ ዓባይ ዘመዶቿ ናቸው። መርዶው ክረምት ሲገባ ደርሷቸው ወንዙ ሞልቶ ታግደው የከረሙት፤ ዛሬ ውሃው ጎድሎላቸው፣ እንዳለው የሚባለው ወንድሟ ፊት ፊት እየመራ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አሸርጠው ደረታቸውን እየደቁ ወደ ግቢዋ ይወጣሉ። ዘግይቶ የደረሰ ለቅሶ ደራሽ እንደ መጀመሪያው ቀን ነው የሚለቀስለት፤ ባለ ለቅሶዋ ተነሥታ፣ ታጥቃ፣ መካከል ገብታ እንደ አዲስ ካላለቀሰች አገር ይታዘባል። ላቀው ከአጥሩ ምሰሶ ላይ ተደግፎ ቆመ። እንደማይሄድ አወቀች።

ሴቶቹ ከበቧት። እንዳለው አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ እንደ ጥጃ አገሳ። ስትመታው የከረመችው ደረቷ አለ፣ ሲነጭ የከረመው ፊቷ አለ፣ እንባ ግን የለም። ዓይኗ ደርቋል፤ ከውስጥ ያ የተረገመ ደስታ ያስቃት ያስቃት ይላል። አፏን ከፍታ «ወይኔ» ልትል ስትል የልጇ ስም ምላሷ ላይ መጣ፣ አፏን ገጠመችው። ሴቶቹ ቀና ብለው አዩዋት። እናኑ ከጎኗ ክንዷን ጨብጣለች፤ ጥፍሯ ሥጋዋ ውስጥ ገብቷል። ላቀው ከምሰሶው ቀና አለ። ካላለቀሰች ይኼው ሰው ዛሬውኑ ምሽግ ሄዶ ይናገራል፣ ነገ ከግድግዳው ማዶ ወታደር ያደፍጣል፣ ሙሉሰውም ጋቢውን ተከናንቦ ዘው ይልበታል። ካለቀሰች ደግሞ አውቃ ሞት ጠራችበት። እመቤቴ ማርያም፣ አንቺ ታውቂያለሽ አለች በሆዷ፤ ሌላ ጸሎት አልመጣላትም።

ያኔ ነው ላቀውን ያየችው። አሁን ከደጇ የመጣባትን ባንዳ አልነበረም ያየችው። ምሰሶው አጠገብ እንደቆመ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፤ ሕፃን ሳለ ጡት ሲዘገይበት እንዲያ ነበር የሚያደርገው። ለአብሮ አደጉ ማልቀስ ፈልጎ ነው፣ ቆቡ ከለከለው። የግራ ጡቷ ልጅ! ቆዳው ሞቃት ነበር፣ ሲጠባ ጣቷን ጨብጦ አይለቅም ነበር። ሁለቱ ልጆች አንድ ቁርበት ላይ ተኝተው ሲያድሩ የማን እግር የማን እንደሆነ አይታወቅም ነበር። ይኼ ልጅ መቼ ነው የሄደው? ለሙሉሰው ጸጉር ተላጨለት፣ ደረት ተደቃለት፣ እዝን ተበላለት። ለላቀው ግን ማን አለቀሰለት? ምሽግ የገባ ቀን አገር ተፋበት እንጂ አንድ ሰው «ወይኔ ልጄ» ያለ አልነበረም። እርሙን ያወጣለት የለም። እሷም አላወጣችለትም።

«ወይኔ ልጄ!» አለች ወለተ ሥላሴ።

ከሆዷ ነው የወጣው። መሬት ላይ ተቀመጠች፣ እንባው እንደ ክረምት ጎርፍ መጣ። ዓይኗን ከምሰሶው ሳትነቅል አለቀሰች። ሕፃን ሆነህ ያቀፍኩህ ልጄ፣ ማን ወሰደብኝ፣ ማን አሳሳተብኝ፣ የት አገር ልፈልግህ፣ በምን ስም ልጥራህ እያለች አለቀሰች። ሴቶቹ ተቀበሏት፤ «ሙሉሰው! ሙሉሰው!» እያሉ እነሱ ጠሩት፣ እሷ አልጠራችውም። የመጋቢቱ ለቅሶ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ምንም አልነበረም። እናኑ መጀመሪያ ደነገጠች፤ አማቷን አየች፣ አማቷ የምታይበትን አየች፣ ከዚያ ገባትና እሷም እውነተኛ ለቅሶ አለቀሰች።

ላቀው ቆቡን አወለቀ። ጠመንጃውን ከአጥሩ ላይ አስደግፎ በሴቶቹ መካከል ሰንጥቆ መጣና ከፊቷ ተንበረከከ። ፊቱ በእንባ ርሷል። «ይበቃዎታል እናቴ፣ ይብቃዎት» አላት፣ ጉልበቷን እየሳመ። «ለካፒታኑ እነግረዋለሁ፤ ከእንግዲህ አንድ ሰው ደጅዎን አይረግጥም። እርስዎም ብቻዎን አይደሉም። እኔም'ኮ ልጅዎ ነኝ።»

ወለተ ሥላሴ ራሱን በሁለት እጇ ያዘችው። «ነህ እንጂ» አለች፤ «ነህ እንጂ ልጄ» አለችና እንደ አዲስ አለቀሰች።